የሳፋሪ ሎጅ እንግዳ የሚከፍለው ለምንድን ነው? የማሳይ ማራ ክርክርና ከጀርባው ያለው የመሬት ሒሳብ

በሐምሌ 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ አጭር ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ እየተቀባበለ ዞረ። ቦታው በሰሜን ታንዛኒያ፣ ሰሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ኮጋቴንዴ የሚባለው የማራ ወንዝ ዳርቻ ነው። ጎብኚዎች ከመኪናቸው ወርደው ዳርቻውን ሞልተውታል። ወንዙን ሊሻገር የመጣው የዊልደቢስት መንጋ መውረጃው በሰው ተዘግቶበት ወዲህና ወዲያ ይዋከባል። ዊልደቢስት ከቆርኬ ወገን የሆነ፣ ፂማምና ግንባረ ሰፊ ሣር በል እንስሳ ነው።

ከሳምንታት በኋላ፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ ከድንበሩ ማዶ በኬንያው ማሳይ ማራ ጥብቅ ስፍራ ሪትዝ ካርልተን የሚለውን ስም የያዘ የቅንጦት ሎጅ ተከፈተ። ሃያ ድንኳኖች አሉት፤ እያንዳንዱ የራሱ መዋኛ ገንዳ ያለው ሲሆን የአንድ ሌሊት ዋጋ ከ3,500 ዶላር ይጀምራል። ሎጁ በተከፈተበት ወር የማሳይ ተወላጁ የጥበቃ ተሟጋች ሜይታሜይ ኦሎል ዳፓሽ ግንባታው የእንስሳቱን የፍልሰት መንገድ ይዘጋል ሲሉ በአካባቢው ዋና ከተማ ናሮክ በሚገኘው ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ።

ሁለቱ ወሬዎች በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድም መነጋገሪያ ሆነዋል። አንዱ ወገን "ቱሪስት የዱር አራዊቱን ጨረሰው" ይላል። ሌላው "ኬንያ በሚሊዮን ታፍሳለች፣ እኛ ቁጭ ብለን እናያለን" ይላል። ሁለቱም አባባሎች አንድ ጥያቄ ዘለው ያልፋሉ፤ የሳፋሪ ሎጅ በእርግጥ የሚሸጠው ምንድን ነው?

ሎጁ የሌለውን ይሸጣል

"ሳፋሪ" በስዋሂሊ ጉዞ ማለት ሲሆን ሥሩ ዐረብኛ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን የአደን ጉዞ መጠሪያ ነበር። ዛሬ በየብሮሹሩ የሚነበበው "ቢግ ፋይቭ" የሚለው ዝርዝር፣ ማለትም አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ ጎሽና አውራሪስ፣ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። አዳኞች በእግር ሲያሳድዷቸው ከሁሉ ይልቅ አደገኛ ሆነው ያገኟቸው አምስቱ ናቸው እንጂ በውበትም በብርቅነትም አልተመረጡም። ኬንያ ስፖርታዊ አደንን በ1977 ከልክላለች። ዝርዝሩ ግን ከጠመንጃው ወደ ካሜራው ተላለፈና እስከ ዛሬ የእንግዳውን ፍላጎት ይመራል። አምስቱን ሳያይ የሚመለስ እንግዳ የጎደለበት ይመስለዋል።

የአንድ ሎጅ ቀን ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። እንግዳው ገና ጎሕ ሲቀድ ይቀሰቀሳል፤ ሻይ ወይም ቡና ቀምሶ ብርድ ልብስ ደርቦ ክፍት መኪና ላይ ይወጣል። ረፋድ ላይ ተመልሶ ቁርስ ይበላል፣ ቀትሩን ያርፋል፣ ከዘጠኝ ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ እንደገና ይወጣል። ይህ "ጌም ድራይቭ" የሚባለው በመኪና እየዞሩ አራዊት የማየት ጉብኝት ሰዓቱ የተመረጠው ለእንግዳው ምቾት አይደለም። ፀሐይ ስትበረታ አንበሳው ከቁጥቋጦ ሥር ይተኛል፤ እንቅስቃሴ ያለው በማለዳና በምሽት ነው።

እዚህ ላይ ሎጁ ከሸጠው ነገር ውስጥ የራሱ የሆነው የቱ ነው? አልጋውና ምግቡ። የዱር እንስሳው በሕግ የመንግሥት ነው። መሬቱ ብዙ ጊዜ የካውንቲው (እንደ እኛ ዞን ያለ፣ ግን የራሱ ምክር ቤትና ተመራጭ ገዢ ያለው አስተዳደር) ወይም የማሳይ ቤተሰቦች ነው። እንግዳው ሺህ ዶላር የሚከፍልበት ዋናው ነገር፣ ማለትም አጥር የሌለው ሜዳና በላዩ የሚንቀሳቀሰው መንጋ፣ በሌሎች ሰዎች ውሳኔ የተጠበቀ ነው። በማራ ላይ የሚነሱት ክርክሮች ሁሉ ዞረው ዞረው የሚመጡት እዚህ ላይ ነው፤ ሜዳውን ክፍት አድርጎ ለሚያቆየው ማን፣ ስንት ይከፍላል?

አንድ ማለዳ፣ አንዲት አቦ ሸማኔ

ከላይ የተጠቀሰው ቪዲዮ የሚያሳየው ጥፋት የሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል። አሠራሩ ሲታይ ግን ነገሩ ከባለጌ ጎብኚ በላይ ነው።

አንድ አስጎብኚ በማለዳ ግልገሎቿን ያስከተለች አቦ ሸማኔ አየ እንበል። በሬዲዮ ለባልደረቦቹ ይነግራል፤ ትናንት እነሱ ነግረውታልና ውለታ ነው። ሁለት መኪና ይደርሳል፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አሥራ አምስት። ኋላ የደረሰው እንግዶቹ እንዲያዩ ከፊተኛው መኪና አልፎ ይጠጋል፤ ፊተኛው ደግሞ ዕይታው ስለተከለለበት ወደፊት ይገፋል። አቦ ሸማኔዋ ከምስጥ ኩይሳው ወርዳ ወደ ሚዳቋዎቹ ማድባት ስትጀምር መኪኖቹ አብረዋት ይንቀሳቀሳሉ። ሚዳቋዎቹ ቀና ይላሉ፣ ይፈረጥጣሉ። አደኑ ከሸፈ። እያንዳንዱ አስጎብኚ ለየብቻው ሲጠየቅ ያደረገው ነገር ምክንያት አለው፤ ጉርሻው በእንግዳው ደስታ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አቦ ሸማኔ ለዚህ ችግር በተለይ የተጋለጠች ናት። አንበሳና ጅብ ምርኮዋን ስለሚነጥቋት ከእነሱ ሸሽታ በቀን ታድናለች፤ መኪኖች የሚርመሰመሱትም በቀን ነው። በማራ ተካሂዶ በ2018 የታተመ ጥናት ልዩነቱን በቁጥር አስቀምጦታል። ጎብኚ በሚበዛበት አካባቢ የምትኖር እናት በአማካይ 0.2 ግልገል ብቻ ለአቅመ ራስ መቻል ስታደርስ፣ ጎብኚ በሚያንስበት የምትኖረው 2.3 ታደርሳለች። ጥናቱ መኪና ግልገል ሲገድል አየሁ አይልም። በከሸፈ አደን፣ በጭንቀትና በተቋረጠ ዕረፍት የተጠራቀመ ጉዳት እንደሚሆን ነው የሚገምተው። የካሜራ መነጽር እንደ ጥይት ወዲያው አይጥልም፤ ውጤቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ግልገሎቹ ሲቆጠሩ ነው።

ደንብ ጠፍቶ አይደለም። በማራ በአንድ እንስሳ ዙሪያ ከአምስት መኪና በላይ መቆም አይፈቀድም፤ ሌላው ርቆ ተራ መጠበቅ አለበት። ደንቡን በሥራ ላይ ማዋል ግን ጠባቂ፣ ነዳጅና ቅጣት የሚያስከፍል ሥልጣን ይፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄው ከጠባይ ወደ ገንዘብ ይሻገራል።

ከጥብቅ ስፍራው ውጭ ያለው መሬት

ማሳይ ማራ ወደ 1,510 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ከደቡብ የሚዋሰነው ሰሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ ወደ አሥር እጥፍ ይሆናል። በሁለቱ መካከል አጥር የለም። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ዊልደቢስት፣ ከመቶ ሺዎች ሜዳ አህያና ሚዳቋ ጋር፣ ዝናብና ለምለም ሣር እየተከተለ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል። በየካቲት ገደማ በደቡብ ሰሬንጌቲ ይወልዳል፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወደ ሰሜን መጥቶ የማራን ወንዝ ከአዞ ጋር እየተናነቀ ይሻገራል።

የመንጋው ሕይወት በካርታ ላይ በተሰመረው ክልል አያበቃም። በኬንያ ከዱር እንስሳው ከግማሽ በላይ የሚገኘው ከፓርክ ውጭ፣ በአርብቶ አደር መሬት ላይ ነው። በማራ ሰሜንና ምሥራቅ ያለው መሬት ቀድሞ በ1968ቱ ሕግ መሠረት በማኅበር የተያዘ የጋራ ግጦሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ለአባላቱ በስም ተከፋፈለ። አንድ ሰው የራሱን ካርታ ሲይዝ ምርጫው ሰፊ ይሆናል፤ ሊያጥር፣ ሊያርስ፣ ሊሸጥ፣ ሊያከራይ ይችላል።

የማራ የዱር እንስሳት ታሪክ ትልቁ ኪሳራ የደረሰው በዚህ በኩል ነው። በሎይታ ሜዳ የሚወልደው የኬንያ የራሱ የዊልደቢስት መንጋ በ1977 ወደ 119 ሺህ ይገመት ነበር፤ በ1997 ወደ 22 ሺህ ወረደ። ለዚህ በዋነኛነት የሚጠቀሰው ምክንያት የመውለጃው ሜዳ በትራክተር ለሚታረስ የስንዴ እርሻ መዋሉ ነው። ሎጅ አልነበረም ያን ያህል ያጠፋው፣ ስንዴ ነው። ይህን ሐቅ የሎጅ ተቃዋሚም ደጋፊም ብዙ አያነሳውም፤ ለአንደኛው ጠላቱን ይለውጥበታል፣ ለሌላው ደግሞ ቱሪዝም በራሱ እንስሳትን ያድናል የሚለውን ተስፋ ያደበዝዝበታል። በዚያው ሃያ ዓመት ውስጥ ማራ የታወቀ የቱሪስት መዳረሻ ነበርና።

ለስንዴው የተገኘው መልስ "ኮንሰርቫንሲ" ይባላል። ቃሉ ባለይዞታዎች መሬታቸውን አዋሕደው ለዱር እንስሳት ጥበቃና ለተወሰነ ግጦሽ የሚያውሉበትን ስፍራ ይገልጻል። በማራ ዙሪያ ከ2006 ጀምሮ እየተስፋፉ መጥተዋል፤ የኬንያ የ2013 የዱር እንስሳት ሕግ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷቸዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ባለይዞታዎቹ መሬቱን ለሎጅ ባለቤቶች በጋራ ያከራያሉ፤ ሎጆቹ እንግዳ መጣም ቀረም በየወሩ ቋሚ ኪራይ ይከፍላሉ፤ ባለይዞታውም አያጥርም፣ አያርስም፣ ከብቱን በተራና በወቅት ያሰማራል።

ለምሳሌ በማሳዮች ቋንቋ በማአ "መሰባሰብ" የሚል ትርጉም ያለው ናቦይሾ ኮንሰርቫንሲ ስፋቱ 20 ሺህ ሄክታር ገደማ ነው። በዚያ አካባቢ የተለመደው መለኪያ ለአንድ የእንግዳ ክፍል 350 ኤከር፣ ማለትም ወደ 140 ሄክታር መሬት ይላል። ሲካፈል ከ140 በላይ ክፍል አይፈቀድም ማለት ነው። እንግዳው አንድ ክፍል ሲይዝ በተዘዋዋሪ የ140 ሄክታር ሜዳ ኪራይ እየከፈለ ነው። ዋጋው የሚወደደውም፣ በአንበሳው ዙሪያ ሃያ መኪና የማይኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በሳንድ ሪቨር ላይ የተነሳው ክርክር

ክስ የተመሠረተበት ሎጅ የተሠራው በኮንሰርቫንሲ ላይ አይደለም። የሚገኘው ናሮክ ካውንቲ በሚያስተዳድረው ጥብቅ ስፍራ ውስጥ፣ በሳንድ ሪቨር ዳርቻ፣ ወደ ታንዛኒያ ድንበር ተጠግቶ ነው። የክሱ ዋና ቃል "ኮሪደር" ነው። ኮሪደር ሲባል ለአዲስ አበባ አንባቢ አስፋልትና የመንገድ መብራት እንደሚታየው ይታወቃል፤ እዚህ ግን መብራት የሌለበት መሆኑ ነው ጥቅሙ። እንስሳት ከአንዱ ግጦሽ ወደ ሌላው የሚያልፉበት ያልተዘጋ መሬት ማለት ነው።

ከሳሹና ደጋፊዎቻቸው የሚሉት፣ መንጋው በትውልድ ተለምዶ የመጣ መንገድ አለው፤ ሰው፣ መብራትና የመኪና ድምፅ ሲበዛበት ያን መንገድ ይተዋል፤ ያጣውን መንገድ መልሶ ማግኘት ደግሞ አዳጋች ነው የሚል ነው። የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት በበኩሉ መንጋው በአንድ ጠባብ በር ሳይሆን በድንበሩ ርዝመት ሁሉ እንደሚያልፍና የሎጁ ቦታ መተላለፊያ እንዳልሆነ በክትትል መረጃዬ አረጋግጫለሁ ብሏል። ካውንቲው ደግሞ ከቱሪዝም የሚያገኘው ገቢ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ የሚውል በመሆኑ ኢንቨስትመንት ሲመጣ በሩን መዝጋት አይፈልግም።

ሁለቱ ሐሳቦች የሚጣሉ ይምሰሉ እንጂ አንዱ ስለ አንድ ሎጅ ሲናገር ሌላው የሚናገረው ስለ ሎጆች ድምር ነው። መንጋው በሰፊ ግንባር የሚያልፍ ከሆነ ሃያ ድንኳን ብቻውን አያቆመውም፤ ይህ ያስኬዳል። ግን ትናንት የተፈቀደውም፣ ከዚያ በፊት የነበረውም በዚሁ አመክንዮ ነው የተፈቀደው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ በየፕሮጀክቱ ለየብቻ ይሠራል፤ "ይህ ሎጅ ይጎዳል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል እንጂ "እስካሁን ስንት አልጋ አለ፣ ስንትስ ይበቃል?" አይልም። ይህን ሁለተኛ ጥያቄ የሚመልሰው የጥብቅ ስፍራው የአስተዳደር እቅድ ነው። ከ2023 እስከ 2032 የሚያገለግለው እቅድም በጥብቅ ስፍራው ውስጥ አዲስ ማረፊያ እንዳይገነባ የሚያግድ ነው። ስለዚህ በእኔ ግምት የክሱ ክብደት በዊልደቢስቱ ኮቴ ላይ ብቻ አይለካም። ለሎጆች ብዛት ጣራ ከተበጀ በኋላ ጣራውን ማን፣ በምን ምክንያት ከፍ ማድረግ ይችላል የሚለው ነጥብ ለሚቀጥሉት ሎጆችም ይተርፋል።

ዋጋ መጨመር ምን ያህል ይፈታል?

ናሮክ ካውንቲ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የውጭ አገር ጎብኚን የመግቢያ ክፍያ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 200 ዶላር አድርጎታል፤ በቀሪው ስድስት ወር 100 ዶላር ነው። ቲኬቱ የሚያገለግለው ለ12 ሰዓት ብቻ ነው። በውዱ ወቅት ከጥብቅ ስፍራው ውጭ አድረው ለሦስት ቀን የሚገቡ የውጭ አገር ባልና ሚስት አልጋና መኪና ሳይጨመር ለበሩ ብቻ 1,200 ዶላር ይከፍላሉ።

የእርምጃው ደጋፊዎች የሩዋንዳን ጎሪላ ያነሳሉ። ሩዋንዳ በ2017 የፈቃዱን ዋጋ በአንድ ጊዜ ወደ 1,500 ዶላር አሳደገች፤ ለአካባቢው ማኅበረሰብ የሚሰጠውንም ድርሻ ከ5 በመቶ ወደ 10 በመቶ ከፍ አደረገች። ጎብኚው አልጠፋም። ሆኖም በሩዋንዳ ውድ ከመሆኑ በፊት ቁጥሩ የተወሰነ ነው፤ አንድ የጎሪላ ቤተሰብን በቀን ስምንት ሰው ብቻ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ያያል። ዋጋው ወረፋውን ነው ያሳጠረው። በማራ በር ላይ ግን የቀን ጣራ የለም። 200 ዶላር የከፈለ ሰው ሁሉ ይገባል፤ ብዙ ስለከፈለም ብዙ ሊያይ ይፈልጋል፤ በ12 ሰዓት ውስጥ አምስቱንም ለማየት ሹፌሩን ያጣድፋል። ክፍያው ገቢ ማሳደጊያ ሆኖ ሊሠራ ይችላል። መጨናነቅን ይቀንሳል የሚለው ግን በራሱ የሚሆን አይመስለኝም። ከክፍያው ጋር አብሮ መምጣት የነበረበት የመኪና ቁጥር ገደብ ነው።

የኪራዩ ደካማ ጎን

ኮንሰርቫንሲው እስካሁን ከተሞከሩት የተሻለ ቢሆንም በአማርኛ ሲወራለት እንደሚሰማው ያለ እንከን አይደለም። በ2020 ወረርሽኙ በረራዎችን ሲያቆም ሎጆቹ ባዶ ቀሩ፤ "እንግዳ መጣም ቀረም" የተባለው ኪራይ በብዙ ቦታ ተቀነሰ። ወርሐዊ ገቢው ለልጅ ትምህርትና ለብድር ክፍያ የተመደበበት ቤተሰብ የቱሪዝም አደጋ በእሱ ላይም እንደተጫነ የተረዳው ያኔ ነው።

ሁለተኛው ድክመት ኪራዩ ካርታን ተከትሎ የሚሄድ መሆኑ ነው። መሬቱ ሲከፋፈል ካርታ የያዙት በአብዛኛው ወንዶች፣ በዚያ ጊዜ የማኅበሩ መዝገብ ላይ የነበሩ ናቸው። ሴቶች፣ ወጣቶችና መሬት ሳይደርሳቸው የቀሩ ሰዎች ግጦሹን አጥተው ኪራዩን አያገኙም። ድርቅ ሲመጣ ከብት ይዞ ወደ ተከለከለው ሣር መግባትና መቀጣትም አለ። ሣሩ ከደጅ እያለ ከብት በረሃብ ሲወድቅ ማየት ለአርብቶ አደር ምን ማለት እንደሆነ ቦረናና አፋር ላለ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሦስተኛው በቱሪዝም ምጣኔ ሀብት "ሊኬጅ" የሚባለው ነው፤ ጎብኚው የከፈለው ገንዘብ ወደ መዳረሻው አገር ሳይደርስ ወይም ደርሶ ተመልሶ መውጣቱ ማለት ነው። የጉዞ ወኪሉ ውጭ፣ የሎጁ ስም የሚከራየው ከውጭ፣ ወይኑና አንሶላው ከውጭ ከሆነ፣ ከ3,500 ዶላሩ ውስጥ ናሮክ የሚደርሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ያህል አያስደንቅም።

በእኛ በኩል ያለው

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ሥር ከኮይሻ ጋር ተያይዞ በጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ የዝሆን ዳና ሎጅ ተሠርቷል። በማኅበራዊ ሚዲያ የሎጁ ፎቶ በተለጠፈ ቁጥር ከሥሩ "ከኬንያ በምን እናንሳለን?" የሚል አስተያየት አይጠፋም። በሎጅ አናንስ ይሆናል። ግን ጨበራ ማራ አይደለም። ዝሆኑ የሚኖረው በደንና ሰው በሚውጥ ረጅም ሣር ውስጥ ስለሆነ ክፍት ሜዳ ላይ በመኪና እየዞሩ አምስቱን የመቁጠር ልማድ እዚያ አይሠራም። በሰሜን ተራሮች ከጭላዳ መንጋ አጠገብ በእግር መቀመጥ፣ በባሌ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን ማየት፣ ደጋ አጋዘንን በደን ዳር አድፍጦ መጠበቅ፤ የእኛ ዱር ለእግረኛ ነው የሚመቸው። ለዚህ የሚመጣው እንግዳም ሌላ ዓይነት ነው፤ ቁጥሩ ያንሳል፣ ቆይታው ይረዝማል።

የመሬቱ ጥያቄ ግን አንድ ነው። በነጭ ሣር ፓርክ አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት አስተዳደሩን ተረክቦ በ2008 ለቆ ሲወጣ ዋናው እንቅፋት በፓርኩ ውስጥ የሚኖሩና ከብት የሚያሰማሩ ሰዎች ጉዳይ ነበር። በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የማራው ዓይነት የግል ካርታን የተከተለ ኪራይ እንዳለ ሊቀዳ አይችልም። በአንድ በኩል ይህ ጥቅም አለው፤ ሜዳው ተቆራርሶ አልተሸጠም። በሌላ በኩል አርብቶ አደሩ ወይም ገበሬው ከሎጅ ጋር ሲደራደር በእጁ የሚይዘው ወረቀት የለም፤ ድርሻው በመመሪያና በበጎ ፈቃድ ላይ ይወድቃል።

በጋምቤላ ደግሞ ነገሩ ከማራም ይገዝፋል። በ2023 በደቡብ ሱዳን ከአየር በተካሄደ ቆጠራ ወደ ስድስት ሚሊዮን የሚጠጋ፣ አብዛኛው ነጭ ጆሮ ቆርኬ የሆነ ፈላሽ መንጋ እንዳለ ተገምቷል። በየብስ ላይ ከሚታወቁት የአጥቢ እንስሳት ፍልሰቶች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ከፊሉ በደቡብ ሱዳኑ ቦማ ፓርክ በኩል አድርጎ ጋምቤላ ይገባል። ዳርቻው ላይ የመኪና ሰልፍ የለም፤ በአንድ ሌሊት 3,500 ዶላር የሚያስከፍል ድንኳንም የለም። ባለፉት አሥርት ዓመታት የጋምቤላ ሰፋፊ መሬቶች ለሩዝ፣ ለጥጥና ለመሳሰሉት የንግድ እርሻዎች በሊዝ ሲሰጡ ቆይተዋል። ቆርኬው ድንበሩን ተሻግሮ ሲመጣ የሚያገኘው ሣር ከእርሻ ኮንትራቱ ካርታ ጋር የት የት እንደሚነካካ የሚወስነው ውይይት ገና ሎጅ ሳይሠራ፣ እንግዳም ሳይመጣ መካሄድ የሚችል ነው። ሎይታ ላይ ውይይቱ የተጀመረው ስንዴው ከተዘራ በኋላ ነበር።